ለደከመ ጉልበት መቋሚያ

የነቢያት ጾም ተፈጽሞ እነሆ የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ደረሰ። በዓል ሲቃረብ ስለ ደስታ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር ኀዘናቸው የሚታደስባቸው ቤቶች መኖራቸውን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሁሉ እናውቃለን። አምና በማዕዱ ዙሪያ የነበረ ሰው ዘንድሮ የጎደለበት ቤት አለ። ሕመምተኛ አልጋ ላይ የዋለበት ቤት አለ። የልጆቹ ልብስ ቀርቶ የጾም መፍቻው ያሳሰበው አባወራ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጉዳቱ የማይታይለት፣ ጸሎት የደረቀበት፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ባዶውን የሚመለስ ሰው አለ። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ የተጻፈ ነው፤ ነገሩም የሚጀምረው በኢሉባቡር ነው።

በደሌን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ያዩንና ሁሩሙን፣ ከዚያም መቱንና ጎሬን ያገኛል። አገሩ ውኃው የበዛ፣ ደኑ የጠቆረ ነው። በያዩ ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ደኑም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ጎሬ በአገራችን እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ልምላሜውን ያየ እንግዳ በዚህ አገር መከራ የሚኖር አይመስለውም። እኔም አልመሰለኝም ነበር።

መቱን ያወቅሁት ከመንፈሳዊ ኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ገና ወጣት ዲያቆን ሳለሁ ነው። በቅዳሴ ለማገልገልና በሰንበት ትምህርት ቤት ለማስተማር መጣሁ። ስለ ተስፋና ስለ ትዕግሥት በኮሌጅ ሳለሁ ያዘጋጀኋቸው ጽሑፎች በሻንጣዬ ነበሩ፤ ጥሩ ውጤት አግኝቼባቸው ስለ ነበር ከልብሴ ይልቅ ለእነርሱ እጠነቀቅ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ቆላው ወርጄ፣ ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስመለስ ወባ ያዘኝ። ሐኪሞች መድኃኒት ሰጡኝ፤ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። ኃይሌ ግን አልተመለሰም፤ ድምፄም ከዳኝ። ድምፅ የሌለው ዲያቆን ለራሱም ለሰውም ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል። ውዳሴ ማርያም ለመድገም መጽሐፉን እገልጣለሁ፤ ዐይኔ ፊደሉን ይከተላል፤ ልቤ ግን አይከተልም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች «እምነትህን አጠንክር» ሲሉኝ፣ እኔው ራሴ ለስንቱ ሕመምተኛ ይህንኑ ቃል ተናግሬ እንደ ወጣሁ ትዝ እያለኝ አፍር ነበር።

በልደት ዋዜማ ማኅሌት እንደማልቆም ቁርጥ አድርጌ ተኝቼ ሳለ አንድ አረጋዊ ካህን ወደ ማደሪያዬ መጡ። ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ከትራሴ አጠገብ ቁጭ ብለው እናቴ በሕይወት መኖሯን ጠየቁኝ፤ ከኪሳቸው ጥቂት ቆሎ አውጥተው በመዳፌ አኖሩ፤ ብዙ ቆይተውም «በል ተነሥ፤ ትቆማለህ እንጂ አትዘምርም» አሉኝ።

«ጉልበቴ አልቆም አለኝ፣ አባ» አልኋቸው።

በእጃቸው የያዙትን መቋሚያ ወደ እኔ ዘርግተው «ይህ ታዲያ ለምን የተሠራ ይመስልሃል?» አሉኝ።

መቋሚያ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ያልተለየ ዕቃ ነው። ሊቃውንቱ የሚሰጡትን ምሳሌያዊ ትርጓሜ ተምሬያለሁ፤ በወረብ ጊዜ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚዘም አውቃለሁ። የሰው ጉልበት ሌሊቱን ሙሉ ሊቆም እንደማይችል አስቀድመው ያወቁ አባቶች ያዘጋጁልን ድጋፍ መሆኑን ግን ያን ሌሊት ብብቴ ሥር አድርጌ እስክደገፍበት ድረስ አላስተዋልሁም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ሌሊቱን ሁሉ ቁሙ ብላ ስታዝ፣ ደካማነታቸውን እንደ ነውር ቆጥራ አልሸሸገችውም፤ በሥርዓቷ ውስጥ ቦታ ሰጠችው እንጂ። በማኅሌት መካከል የሚያምር ድምፅ ያለው ሊቅም ሆነ አረጋዊው ደብተራ ሁለቱም ተደግፈው ይቆማሉ፤ ማንም ማንን አይታዘብም።

ነገሩን ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሥርዓቶቻችንም አየሁት። ለሕመምተኛ የጾም ሥርዓት ይላላለታል። በምሥጢረ ቀንዲል ጊዜ፣ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ እንዳዘዘው፣ ሕመምተኛው ካህናቱን ያስጠራል እንጂ ተነሥቶ ወደ እነርሱ አይሄድም፤ ዘይቱን ይዘው የሚመጡት እነርሱ ናቸው። ይህ የሐኪም ቤትን መንገድ የሚዘጋ እንዳልሆነም በዚሁ አጋጣሚ መናገር ይገባል፤ መድኃኒቱን አቋርጦ ጠበል ብቻ ይበቃኛል የሚል ወገን ከእኛ ትምህርት የወጣ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጋድሞም እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ለመነ። ያን ያህል ተአምር ያየ ሰው እንዲህ በመድከሙ ሊወቀስ ይችል ነበር። የተላከለት መልአክ ግን ወቀሳ አልያዘም፤ እንጎቻና ውኃ ይዞ መጣ። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ዳግመኛ አበላው። ወደ ኮሬብ የሚወስደው ረጅም መንገድ የተነገረው ከሁለተኛው ማዕድ ጋር ነው። እኔ በኮሌጅ ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላስታውስም፤ መልአኩ አስቀድሞ እንጀራ ማቅረቡን ግን ልብ ያልሁት የእኒያን ካህን ቆሎ ከበላሁ በኋላ ነው።

ካገገምሁ በኋላ ካህኑ ከመቱ ወጣ ባለች አንዲት የሰፈራ መንደር ለምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ላኩኝ። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረኃብ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎችን ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር አንዱ ኢሉባቡር ነበር። ሳይወዱ የተጫኑ፣ በመንገድ ከባልና ከልጅ የተለያዩ ብዙዎች ነበሩ። ደጋ የለመደው ሰውነታቸው ወባን አያውቅም ነበርና ከረኃብ ያመለጠው ብዙ ሰው እዚህ በበሽታ ሞተ። በነባሩ ገበሬ መካከል በመሰግሰግ የሰፈሩበት ቦታ ብዙ ስለ ነበር አሠራሩ «ስግሰጋ» ይባል ነበር።

በዚህ ላይ ስለ ነባሩ የኦሮሞ ገበሬ አለመናገር በደል ነው። ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠራ፣ ከጎተራው እንዲያካፍል ታዟል፤ ከመሬቱም ተቀንሶበታል። ሁሉም በፈቃዱ አላደረገውም፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነበር። ይህም ሆኖ ሳለ ከታዘዘው አልፎ፣ ጎደሬ እንዴት እንደሚቀቀል ለማያውቀው እንግዳ ቀቅሎ ያበላ፣ ሙት ሲቀበር መቃብር አብሮ የቆፈረ ብዙ ነው። የሰፋሪዎቹ ልጆች ዛሬ አፋን ኦሮሞ እንደ አፍ መፍቻቸው የሚናገሩት በዚህ ጉርብትና ነው።

በዚያች መንደር ከላስታ የመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ሲመጡ ሦስት ልጆች ይዘው ነበር፤ ሁለቱን በመጀመሪያው ዓመት ቀበሩ። ልደት ለላስታ ሰው ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ታኅሣሥ 29 የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ነውና፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» የሚያሸበሽቡበት፣ ምእመናን ከየአውራጃው በእግር የሚጎርፉበት በዓል ነው። እማሆይ በተወለዱ ጊዜ ጀምሮ ያን በዓል አልፈው አያውቁም። በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ግን በጭቃ በተመረገ ጎጆ ውስጥ፣ ደወል በማይሰማበት ጫካ ዳር፣ የታመመ ልጅ ታቅፈው ቀኑ መሆኑን እንኳ የነገራቸው ሌላ ሰው ነበር።

ነጋሪው ከሰፋሪዎቹ መካከል የነበሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። ከበሮ የለም፤ ጸናጽል የለም፤ ታቦት የለም። መሪጌታው የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ባዶ ቆርቆሮ ለአንድ ጎረምሳ ሰጥተው እንደ ከበሮ እንዲመታ አደረጉ፤ እርሳቸውም ከጫካ ጫፉ ባላ የሆነ እንጨት በገጀራ ቆርጠው መቋሚያ አደረጉና ሌሊቱን በሜዳ ላይ ቆሙ። ሕዝቡ ከየጎጆው እየወጣ ከበባቸው። «አንተ ዘመርህ ትለኛለህ፤ እኔ አልዘመርሁም» አሉኝ እማሆይ ይህን ሲያጫውቱኝ። «ልጄ በክንዴ ላይ እየቀዘቀዘች ነበር። እግዜርንም ተቀይሜ ነበር። ግን ከሰዎቹ ተለይቼ መቀመጥ ፈራሁ። እነርሱ ሲያዜሙ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ በቃ ያደረግሁት ይኸው ነው።»

እኔም በትምህርቴ ተመክቼ፣ «ታዲያ በዚያ ሰዓት እምነትዎ የት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠይቅም።

«እነርሱ ጋ ነበራ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ መያዝ ሲያቅተኝ እነርሱ ያዙልኝ። በኋላ እርሳቸው መሪጌታው ሲታመሙ ደግሞ እኔ ያዝሁላቸው።»

የእማሆይን ንግግር ከመጻሕፍት ጋር ሳነጻጽር የጻድቁ ኢዮብ ወዳጆች ትዝ ይሉኛል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ዝምታቸው መልካም ነበር። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በቅፍርናሆምም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ ነድለው ባወረዱት ጊዜ፣ ወንጌላዊው ማርቆስ ጌታ የተመለከተው የተሸካሚዎቹን እምነት መሆኑን ጽፏል። ሽባው እስኪፈወስ ድረስ አንዲት ቃል ስለ መናገሩ አልተጻፈም። የኀዘንተኛ ቤት ሄደን ብዙ ለምንናገር ለእኛ ለሰባክያን ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

በዚህ አገር ከቤቱ ተነቅሎ ስለ ተወሰደ ሰው ሲነሣ ሁሩሙም አትዘነጋም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል አንድ ሕፃን በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በምጽዋ ነፃ ወጣ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ የምናውቀው ይህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ለሕትመት አበቃ፤ በሥራውም ራሷም ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ ረድታዋለች። የእምነት መንገዱ ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ የእናቱን ቋንቋ በልጅነቱ የተነጠቀ ሰው በዚያው ቋንቋ ይህን መሥራቱ ለማንም ክርስቲያን የሚያስደንቅ ነው።

ከመቱ ወደ ጎሬ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ወደ ሌላ ታሪክ ያደርሰናል። ጎሬ በዚያ ዘመን የኢሉባቡር ዋና ከተማ ነበረች፤ የአገሩ ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ሲወርድ ነጋዴዎች የሚሰባሰቡባት ነበረች። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተው አዲስ አበባ በወራሪው እጅ በወደቀች ጊዜ፣ በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት ቆመ። ልዑል ራስ እምሩም ከሽሬ ግንባር አፈግፍገው በጎጃም በኩል ወደ ምዕራብ መጡ። ተስፋው ግን ብዙ አልቆየም። በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጎሬ ገባ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ።

በጎሬ የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ናቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ሲላክላት የኖረችው ቤተ ክርስቲያናችን በ1921 ዓ.ም. ከልጆቿ መካከል አራት መነኮሳት በካይሮ ሲሾሙላት አየች፤ እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በዚያው በኅዳር፣ በነቢያት ጾም ውስጥ፣ ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ያስተምሩ የነበሩት አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተገደሉ።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ ስላለ ስማቸውን ሕፃናትም ያውቁታል፤ የአቡነ ሚካኤል ስም ግን ከኢሉባቡር ውጭ እምብዛም አይነሣም። ይህ ቅር ያሰኘኛል። ከአራቱ አንዱ አቡነ አብርሃም በወራሪው ዘመን የሊቀ ጵጳስናን ሹመት መቀበላቸውንና የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ እንዳወገዘቻቸው ታሪክ ይናገራል። ይህን የማነሣው ለመፍረድ አይደለም። አራቱም አንድ ቀን የተሾሙ፣ አንድ ወንጌል የተማሩ ሥጋ ለባሾች መሆናቸውን ለማሳሰብ ነው። ሰማዕታትን ከድካም ውጭ እንደ ተፈጠሩ አድርገን በሣልናቸው መጠን፣ ለደከመው ሰው ከማጽናናት ይልቅ እናርቃቸዋለን።

ደግሞም አቡነ ሚካኤል በተገደሉ ማግሥት የተለወጠ ነገር አልነበረም። ጠላት ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተኩል ያህል በአገሩ ቆየ። በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. ከቤልጅየም ኮንጎ የመጣ ጦር በምዕራብ በኩል ገፍቶ፣ የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ እጁን ሲሰጥ ለማየት ጳጳሱ በሕይወት አልነበሩም። በጎሬ ያን ኅዳር የነበረ አንድ ምእመን ቤቱን ዘግቶ የልደትን ዋዜማ ሲያድር በዐይኑ ያየው ሽንፈትን ብቻ ነው። እኛ ፍጻሜውን ስለምናውቅ ይቀልለናል፤ እርሱ ግን ፍጻሜውን ሳያውቅ ጾሙን ፈትቶ እንደ ገና ሁዳዴን መጀመር ነበረበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ከሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው እንዳልተነሣለት፣ ይልቁንም ከነመውጊያው የሚያኖር ጸጋ እንደ ተሰጠው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። የጎሬ ምእመናን የኖሩት እንዲሁ ነው።

ዛሬ የምናከብረው ልደትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዓለማትን የፈጠረ አምላክ አንገቱን ቀና አድርጎ መያዝ የማይችል ሕፃን ሆኖ በበረት ተኛ። እናቱ አቀፈችው፤ አረጋዊው ዮሴፍ ጠበቀው፤ እንስሳት እስትንፋሳቸውን ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ሄሮድስ ሊገድለው ስለ ፈለገ በሰው ክንድ ታቅፎ ወደ ግብፅ ተሰደደ። ምሥራቹን አስቀድመው የሰሙት በሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ። የኢሉባቡር ገበሬ በቆሎውን ከከርከሮ ለመጠበቅ በዝናብ ማማ ላይ ሲያድር ያየ ሰው፣ የእነዚያን እረኞች እንቅልፍ ማጣት አዲስ ነገር አይሆንበትም።

በቅርቡ በልደት ዋዜማ ወደዚያች የሰፈራ መንደር ተመልሼ ነበር። እማሆይ ዐርፈዋል፤ መሪጌታውም ከእርሳቸው በፊት ዐርፈዋል። ቤተ ክርስቲያኗ አሁን ቆርቆሮ ለብሳለች፤ በሥራው የአካባቢው የኦሮሞ ምእመናንም እንጨት ተሸክመዋል፤ ስብከቱም በሁለት ቋንቋ ይሰጣል። እኔም ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ፣ ጉልበቴን ማመም ጀምሮኛል። ማኅሌቱ ሊጀመር ሲል ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ አንዱን እግሬን ሳሳርፍ ያየኝ አንድ ታዳጊ ዲያቆን፣ በጥግ ከተደገፉት መቋሚያዎች መካከል አንዱን አንሥቶ አመጣልኝ። እንደ ሌሎቹ በወግ የተላገ አልነበረም፤ በገጀራ የተቆረጠ፣ ጫፉ ባላ የሆነ፣ ከብዙ እጅ የተነሣ የጠቆረ እንጨት ነው።

«የማን ነው?» አልሁት።

«የማንም አይደለም፤ የደከመው ሰው ይይዘዋል» አለና ወደ ከበሮው ሄደ።